የመዥገር ጥናት እንዴት ይመራል? ለአስተባባሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ዩኒቨርሲቲውን ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የእንስሳት ሐኪሙን ከከብት ባለቤቱ፣ ቤተ ሙከራውን ከፋይናንስ ክፍሉ ለሚያገናኝ ሰው የተጻፈ ነው። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ መደብ የለውም፤ ከተመራማሪዎቹ በዕድሜ ትንሹ ላይ ይጫናል። የመዥገር ጥናት ሲበላሽ ግን በአብዛኛው የሚበላሸው በፒሲአር (የዲኤንኤ ማባዣ) ማሽኑ ላይ አይደለም። በአልኮል ውስጥ የተቀመጠው መዥገር ከየትኛው ላም፣ በየትኛው ቀበሌ፣ መቼ እንደተነቀለ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ሲጠፋ ነው። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት ከኢትዮጵያ የከብት መዥገሮች ነው፤ አካሄዱ ግን ለፍየልም፣ ለግመልም፣ ለሰው በሽታም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብቡ

"በወረዳችን ያሉ መዥገሮች ምን ምን ናቸው?" የሚለው ጥያቄ በአገራችን ደጋግሞ ተጠይቋል። አምብሊዮማ ቫሪየጌተም፣ ሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ እና ሪፒሴፋለስ ኤቨርትሲ በሰፊው እንደሚገኙ፣ በጅማና በምዕራቡ አካባቢ አምብሊዮማ ኮሄረንስ እንደሚበዛ፣ በቦረናና በምሥራቁ ቆላ ሪፒሴፋለስ ፑልቼለስ እንደሚያይል ይታወቃል። ይህንኑ በሌላ ወረዳ ቆጥሮ በመቶኛ ማስቀመጥ ለመመረቂያ ይበቃ ይሆናል፤ የሰው ጉልበትና የነዳጅ ወጪን የሚክስ ግን አይመስለኝም።

የተሻሉ ጥያቄዎች አሉ። በገበያ ላይ ያሉት መዥገር ገዳይ መድኃኒቶች፣ ዲያዚኖንና አሚትራዝ፣ ዲኮሎራተስን አሁንም ይገድላሉ? አዋቂው መዥገር ከብቱ ላይ የሚበዛው በየትኛው ወር ነው፣ ርጭቱስ በዚያ መሠረት ሊታቀድ ይችላል? በኬንያና በደቡብ ሱዳን ከብት የሚፈጀውን ኢስት ኮስት ፊቨር የሚያስተላልፈው ቡናማው የጆሮ መዥገር ከድንበር ወዲህ ይታያል? በተለይ ይህ የመጨረሻው ቸል የሚባል አይደለም፤ ከብት በእግሩ ድንበር ተሻግሮ በሚገበያይበት አገር ክትትሉ ከበሽታው መቅደም አለበት።

የሰው ጤና ጥያቄም አለ። በ1966 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ከከብት ላይ ከተነቀለ አምብሊዮማ ቫሪየጌተም የተለየ አንድ ባክቴሪያ ዛሬ ሪኬትሲያ አፍሪኬ ይባላል፤ የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳትን የሚያመጣው እሱ ነው። ይህን ያህል ዓመት አልፎም፣ ወባ የለበትም የተባለ ትኩሳት ያለበት ገበሬ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ዊዳል ወይም ዌል ፌሊክስ የሚባል የደም ምርመራ ተሠርቶለት "ታይፎይድ" ወይም "ታይፈስ" ተብሎ ይመለሳል። እውነተኛው መልስ ስንቱ ላይ መዥገር እንደሆነ ማወቅ ራሱን የቻለ ጥናት ነው። አንድ ነገር እንዳይምታታ፦ በደጋው የሚታወቀው ግርሻ ትኩሳት በቅማል የሚተላለፍ ነው። በመዥገር የሚተላለፈው ዘመዱ ኦርኒቶዶረስ ከሚባሉት ለስላሳ ቆዳ ካላቸው መዥገሮች የሚመጣ ሌላ በሽታ ስለሆነ በመጠይቃችሁ ላይ ለይታችሁ ጻፉ።

ጥያቄውን ስትጽፉ "ተገኘ" እና "ያስተላልፋል" የሚሉትን ቃላት አትቀላቅሉ። ደም የጠገበ መዥገር በፒሲአር ተመርምሮ ባቤሲያ የተባለው የደም ተሕዋሲ ዲኤንኤ ቢወጣበት፣ ያ ዲኤንኤ ከላሟ ደም የመጣ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ ቴዎባልድ ስሚዝና ኪልቦርን በ1893 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ትኩሳት (ባቤሲያ የሚያመጣው የከብት በሽታ) በመዥገር እንደሚተላለፍ ያሳዩት መዥገር ያለባቸውንና የሌለባቸውን ከብቶች በተለያየ ማሳ ለያይተው በሠሩት ሙከራ ነው። የእናንተ ጥናት እንዲህ ያለ ሙከራ ከሌለው "አስተላላፊ" የሚለውን ቃል ከርዕሱ አውጡት።

ደረጃ 2፦ ማን ምን እንደሚሠራ በአንድ ገጽ ጻፉ

በሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት፣ የቢሾፍቱው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ የክልል የእንስሳት ጤና ቤተ ሙከራዎች፣ በሰው ጤና በኩል የአክሊሉ ለማ ኢንስቲትዩትና የአርመር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ አዲስ አበባ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት፦ እንደ ጥያቄያችሁ ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስቱ ይበቁዋችኋል። ሁሉንም መጋበዝ ስብሰባ ያበዛል እንጂ ሥራ አያፋጥንም።

ገጹ ላይ መስፈር ያለባቸው ነገሮች ቀላል ናቸው፤ ሳይጻፉ ከቀሩ ግን ወዳጆችን ሆድና ጀርባ ያደርጋሉ። ናሙናው የማን ነው? ዳታውን ማን ይይዛል? የጽሑፉ የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም የማን ነው? መስክ የዋለው የወረዳ ቴክኒሻን ስሙ የት ይገባል? ለእያንዳንዱ ተግባር ደግሞ የአንድ ሰው ስም ይኑር፤ "ቡድኑ ይሠራዋል" የተባለን ነገር ማንም አይሠራውም። ስለ ስም ዝርዝር የሚነሳው ጸብ ውጤት ከመጣ በኋላ አይበርድም፤ ናሙና ሳይነሳ ተነጋገሩበት።

ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች መርዳት ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ የሚቀርቡት ለሥልጠና ነው። ከሥልጠናው ይልቅ ፕራይመር (ለፒሲአር የሚያስፈልግ አጭር ዲኤንኤ)፣ የዲኤንኤ ንባብ ወጪ፣ የእንግሊዝኛ ረቂቅ ማረምና አገልግሎት ላይ የዋለ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ይበልጥ ይጠቅማሉ። ያንኑ በግልጽ ጠይቋቸው።

ደረጃ 3፦ ፈቃድ

የተቋማችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሁለቱንም ማየት አለበት፤ እንስሳውንም፣ መጠይቅ የሚሞላውን ባለቤትም። ከሰው ደም የምትወስዱ ከሆነ ሂደቱ ይረዝማል። ቀጥሎ የድጋፍ ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ደብዳቤውን በፖስታ ከመላክ በአካል ይዞ መሄድ ይሻላል፤ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ኃላፊ የምታውቁትም በዚያው ነው።

ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 መዥገሩንም በውስጡ ያለውንም ተሕዋሲ ስለሚነካ፣ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ቀድማችሁ አነጋግሩ። የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ይፈረም፤ ተቀባዩ አገር የራሱን የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አልኮሉ ተቀጣጣይ ስለሆነ አየር መንገዱም የራሱ የማሸጊያ ደንብ አለው። የውጭ ተባባሪ "በሻንጣህ ይዘኸው ና" ቢል እምቢ በሉት።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡንና ዝናቡን አስታርቁ

ይህ ደረጃ በየትኛውም የጥናት ዘዴ መማሪያ ውስጥ አይገኝም፤ ብዙ ጥናት የሚሰናከለው ግን በእሱ ነው። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ አዋቂ አምብሊዮማ የሚበዛው ዝናቡ ሲጀምርና ሲበረታ ነው፤ ይኸውም ሰኔና ሐምሌ። የመንግሥት በጀት ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። መዥገሩ ከሣሩ ሲወጣ ፋይናንስ ክፍሉ ሒሳብ እየዘጋ ነው፤ ሐምሌ 1 አዲስ በጀት ተፈቀደ ቢባልም እጅ እስኪገባ ድረስ ክረምቱ ይጋመሳል።

ስለዚህ የሰኔና የሐምሌው መስክ ነዳጅ፣ አልኮልና ቱቦ ከግንቦት በፊት ተገዝቶ መጋዘን ይግባ፤ አበልም በደንቡ የሚፈቀድ ከሆነ ቀድሞ ይጠየቅ። ከውጭ የሚመጣ የፒሲአር ኬሚካል ወራት ስለሚፈጅ ገና የሥነ ምግባር ፈቃዱን እየጠበቃችሁ ግዢውን አስጀምሩ። ጥናቱ ወቅትን የሚመለከት ከሆነ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ያስፈልገዋል። በቦረና ዝናቡ ሁለት ጊዜ ስለሆነ፣ በበልግና በመኸር መባቻ፣ የደጋውን የጊዜ ሰሌዳ ገልብጣችሁ እዚያ አትውሰዱ።

ገንዘብ ስትጠይቁ የሰው ጤናን ብቻ አትያዙ። በ2015 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ቅድሚያ ከሰጠቻቸው አምስት ከእንስሳት ወደ ሰው ተላላፊ በሽታዎች (የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስ፣ ኢኪኖኮከስ) ውስጥ በመዥገር የሚመጣ አንድም አልነበረም። የወተት ምርት፣ የቆዳ ጥራትና የዲቃላ ላሞች ሞት ይበልጥ አሳማኝ መከራከሪያ ነው፤ የፈረንጅ ዲቃላው ከአገሬው ዜቡ ይልቅ ለመዥገርም ለሚያመጣው በሽታም ስስ ነውና።

ደረጃ 5፦ 384ን አትመኑ

የናሙና ብዛት ቀመሩን 50 በመቶ ስርጭት፣ 5 በመቶ ስሕተትና 95 በመቶ መተማመኛ ብትሰጡት ሁልጊዜ 384 ይወጣል። በዚህ ምክንያት ቁጥሩ በየመመረቂያ ጽሑፉ ይገኛል። ግን ቀመሩ ከብቶቹ አንድ በአንድ በዕጣ እንደተመረጡ ያስባል። በአንድ በረት የሚያድሩ ከብቶች በአንድ ሣር ይግጣሉ፣ በአንድ መድኃኒት ይረጫሉ፤ ይመሳሰላሉ። ከእያንዳንዱ በረት 10 ከብት ብታዩና የመመሳሰላቸው መጠን 0.1 ቢሆን ማስተካከያው 1 + (9 × 0.1) = 1.9 ነው፤ 384ቱ ወደ 730 ያድጋል። ያን ያህል አቅም ከሌለ ከአንድ በረት የምታዩትን ቀንሱና ብዙ በረት ጎብኙ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የስታቲስቲክስ ባለሙያ አማክሩ።

ደረጃ 6፦ መስኩ

ከብቱ ወደ ግጦሽ ሳይወጣ፣ ማለዳ ድረሱ። የገበያን ቀን ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ጠይቃችሁ ዝለሉት። መያዣ ክራሽ ያለው የእንስሳት ጤና ጣቢያ ካለ እዚያ ሥሩ፤ ከሌለ ገመድና ሁለት ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል፤ ያንንም በበጀቱ አስቡ። ጥያቄ ስትጠይቁ ቤቱን የሚመራውን ወንድ ብቻ አታናግሩ። ላሟን የምታልበው ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት፤ ግቷ ላይ መዥገር መቼ እንደበዛ፣ የትኛው ጡት እንደነጠፈ የምታውቀው እሷ ናት።

ከሁሉ በፊት "ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተረጨ? በምን?" ብላችሁ ጠይቁ። ባዶውን የመድኃኒት ጠርሙስ እንዲያሳዩዋችሁ ለምኑ፤ የመድኃኒቱ ስም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይለወጣል። ትናንት ከተረጨ ላም ላይ የተቆጠረ መዥገር ስለ ወቅቱ ምንም አይናገርም።

ፍተሻው ሥርዓት ይኑረው። ከጆሮ ውስጥ ጀምራችሁ አንገት፣ ከአንገት ሥር የተንጠለጠለው ቆዳ፣ ሆድ፣ ብሽሽት፣ ግት ወይም ቆለጥ፣ በመጨረሻም ከጅራቱ ሥር ሂዱ። አምብሊዮማ ግትና ብሽሽትን ይወዳል፤ አዋቂው ኤቨርትሲ ከጅራት ሥር፣ ገና ያላደጉት እጩና ጩጬው ደግሞ ጆሮ ውስጥ ይገኛሉ፤ ዲኮሎራተስ በአንገትና በሆድ ላይ ይበተናል። ጆሮ ውስጥና ከጅራት ሥር ያላየ ሰው ኤቨርትሲን "የለም" ብሎ ይጽፋል። መቁጠር ከሆነ ዓላማው ግማሽ ገላውን ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የተለመደ ነው፤ ግን ሁሉም ቡድን ያንኑ ያድርግ።

ሲነቀል መዥገሩን በመቆንጠጫ ወደ ቆዳው አስጠግታችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። የመዥገሩ አፍ ተሰብሮ ከቀረ ዝርያውን መለየት ይከብዳል፤ ላሟም ትቆስላለች።

አንድ ከብት፣ አንድ ቱቦ። ዝርያን በዓይን ለመለየት 70 በመቶ ኢታኖል ይበቃል፤ ዲኤንኤ ከፈለጋችሁ ወደ 96 በመቶ ጠጋ ያለው ይሻላል። ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሻል፤ ቀለም የተቀላቀለበት የማቃጠያ አልኮልም አይመከርም። አረቄ፣ ዳግም ቢሆን እንኳ፣ አልኮሉ አይደርስም። ደም የጠገቡ ትልልቅ ሴት መዥገሮች በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ አልኮሉን ያቀጥነዋል፤ በማግሥቱ ቀይሩላቸው። ለቫይረስ ምርመራ የሚሆን ናሙና ግን አልኮል ውስጥ አይገባም፤ ከመስክ እስከ ቤተ ሙከራ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። የመድኃኒት መላመድን የምትመረምሩ ከሆነ ደግሞ የጠገቡትን ሴት መዥገሮች በሕይወት፣ አየር በሚያስገባ ቱቦ ከእርጥብ ጥጥ ጋር አምጧቸው፤ እንቁላል ጥለው፣ ተፈልፍለው፣ እጮቹ ከ14 እስከ 21 ቀን ሲሞላቸው ነው በመድኃኒት በተነከረ ወረቀት የሚፈተኑት።

ደም ከወሰዳችሁ ከጆሮ ጫፍ ቀጭን የደም ቅብ ሥሩ፤ ባቤሲያ በትንንሾቹ የደም ሥሮች ውስጥ በተሻለ ይታያል። ቅቡን ያኔውኑ አድርቃችሁ በሜታኖል አጽኑት፤ ካልሆነ ዝንብ ይበላዋል፤ ይህ ቀልድ አይደለም። በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ቱቦ ያለው ደም በበረዶ ሳጥን ይሂድ።

የታመመ ከብት ካገኛችሁ ናሙና ወስዶ መሄድ ነውር ነው። በመዥገር ለሚመጡት ለአናፕላስሞሲስና ለካውድሪዮሲስ ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ለባቤሲዮሲስ ዲሚናዚን የሚሰጥ የወረዳ ሐኪም አብሯችሁ ይኑር፤ የመድኃኒቱ ዋጋም ከጥናቱ በጀት ይሁን።

ደረጃ 7፦ የቡድኑ ደኅንነት

መዥገርን በባዶ እጅ አትጨፍልቁ፤ በተለይ እግሩ የተዠጎረጎረውንና ሮጦ የሚመጣውን ሃያሎማ፤ የክራይሚያ ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳትን የሚያስተላልፍ እሱ ነው። ጓንት፣ ነጣ ያለ ልብስ፣ ካልሲ ውስጥ የገባ ሱሪ። ማታ ሁላችሁም ገላችሁን ፈትሹ። ተጣብቆ ከተገኘ በመቆንጠጫ ይነቀል፤ ላምባ፣ ቅቤና ክብሪት አያስፈልግም። ቀኑን መዝግቡ፤ ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት ያተኮሰው ሰው ሐኪሙ ጋ ሲሄድ መጀመሪያ የሚናገረው መዥገር እንደነከሰው ይሁን።

ደረጃ 8፦ ጽሑፉና ቀኑ

የቱቦው መለያ በእርሳስ በወረቀት ተጽፎ ቱቦው ውስጥ ይግባ። እስክሪብቶና ማርከር በአልኮል ይሟሟሉ። የጆሮ ቁጥር የሌለውን ከብት ባለቤቱ በሚጠራው ስም መዝግቡት፤ ቦራ፣ ቡሬ፣ ዳለቻ፤ ፎቶም አንሡ፤ ተመልሳችሁ ስትመጡ ያቺኑ ላም የምታገኟት በዚያ ነው።

አሁን ቀኑ። የመስክ ረዳቱ "12/11/2016" ብሎ ጻፈ እንበል። እሱ ያሰበው ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ቀን 2024። ኮምፒውተር ላይ ያስገባው ሰው ኖቬምበር 12 ቀን 2016 አድርጎ አነበበው። አሜሪካ ያለው ተባባሪ ደግሞ ዲሴምበር 11 አለው። ከዓመቱ ስሕተት በላይ የከፋው ወቅቱ ነው፤ የክረምቱ መዥገር በጋ ላይ ተቆጠረ። ወቅትን ለሚያጠና ሥራ ከዚህ የባሰ ስሕተት የለም፤ በመጨረሻው ሠንጠረዥ ላይም አይታይም። መስክ ላይ ወሩ በስሙ ይጻፍ፤ ቅጹም "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." የሚል ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ይኑረው። ዳታው ላይ ሁለቱም ዓምድ ይኑሩ፤ ቅየራውን አንድ ሰው ብቻ ይሥራው። ሰዓትም እንዲሁ፦ የኛ 2 ሰዓት የስልኩ 8 ሰዓት ነው።

የቀበሌ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በሦስት ሰው እጅ ሦስት ዓይነት ይሆናል። ሥራው ሳይጀመር ለየቀበሌው ኮድ ስጡና ስሙን ከኮዱ ጋር አንድ ገጽ ላይ አትሙ። የጂፒኤስ ነጥቡን ከበረቱ ደጃፍ ውሰዱ፤ ከጽሕፈት ቤቱ አይደለም። ለውጭ አካል የምታጋሩት ነጥብ ግን ቀበሌውን እንጂ የሰውየውን ቤት የሚያሳይ አይሁን። በየማታው ወረቀቱና ቱቦዎቹ ይቆጠሩ፤ ቁጥራቸው ካልገጠመ ከዚያ ቀበሌ ሳትወጡ አጣሩ።

ደረጃ 9፦ ቤተ ሙከራው

አዋቂ አምብሊዮማን መለየት ለጀማሪም አይከብድም፤ እጭና ጩጬ ግን ልምድ ይጠይቃል። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን በዝርያ ስም አትጥሩ፤ "ሪፒሴፋለስ፣ ዝርያው ያልተለየ" ማለት አያሳፍርም። ከተለዩት ውስጥ በዕጣ 10 በመቶውን ሌላ ሰው የመጀመሪያውን መልስ ሳያይ ይድገመው። ዲኤንኤ ስታወጡ መላውን መዥገር አትፍጩ፤ ከአንድ እግር ወይም ከግማሹ ገላ በማውጣት ቀሪውን ማቆየት ይቻላል፤ ነገ ዝርያው አጠራጣሪ ቢሆን የሚመሰክረው እሱ ነው። በየፒሲአሩ መዥገር ያልገባበት ባዶ ቱቦ ይኑር፤ እሱ ላይ ውጤት ከወጣ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ይደገማል።

ደረጃ 10፦ መልሱን መመለስ

የደም ቅብ ውጤት በሳምንቱ ወደ ወረዳው ሐኪም ይድረስ፤ ላሟ የሳይንስ መጽሔቱ እስኪታተም አትጠብቅም። የመዥገሩ ውጤት ደግሞ ከሚቀጥለው ዝናብ በፊት፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ለቀበሌው ይነገር። ገበሬው የሚጠይቃችሁ "በምን ልርጨው?" ብሎ ነው። መልሳችሁ ከጥናቱ የወጣ ይሁን፦ መዥገሩ የትኛው የገላ ክፍል ላይ እንደሚበዛ፣ በየትኛው ወር፣ መድኃኒቱ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ሲበጠበጥ ምን ያህል እንደገደለ። የተረጨ ወይም በአይቨርሜክቲን የተወጋ ላም ወተት መቼ መጠጣት እንደሚቻልም እዚያው ንገሯቸው።

የዲኤንኤው ንባብ በጄንባንክ፣ የመገኛ ቦታው መረጃ በጂቢፍ (ሁለቱም ለሁሉም ክፍት የሆኑ ዓለም አቀፍ የመረጃ ማከማቻዎች ናቸው) ይቀመጥ። መዥገሮቹ ራሳቸው ቁጥራቸውን እንደያዙ ቋሚ ስብስብ ባለው ኮሌጅ ወይም ኢንስቲትዩት ይቀመጡ። አልኮል ክዳኑ በደንብ ቢዘጋም ይተናል፤ በየዓመቱ እየከፈተ የሚሞላው ሰው ስም በደረጃ 2 በጻፋችሁት ገጽ ላይ ይግባ።